«ወሰደ» ከእንግሊዝኛ ምን ወሰደ?

የአማርኛ መበረዝ ሲነሳ ጣታችንን የምንቀስረው ከተማ ላይ ነው። የባሕር ዳር ወጣት «ቼክ ላድርግ»፣ «ካንስል አደረገው» ካለ ቋንቋው አለቀለት እንላለን። የገጠሩ ሰው ግን እንግሊዝኛ ያልነካው አማርኛ ይናገራል ብለን እንጽናናለን። ሁለቱም ወሬ ብዙ አያስኬድም።

«ቼክ አደረገ»ን እንይ። ቃሉ ባዕድ ነው፤ የገባበት ቅርጽ ግን «ከፍ አደረገ»፣ «ብድግ አደረገ» የምንልበት የራሳችን ቅርጽ ነው። እርባታውን ሁሉ የሚሸከመው «አደረገ» ነው፦ ቼክ አድርጊ፣ ቼክ ሳያደርጉ፣ ቼክ አስደረገ። እንግዳነቱ ከሩቅ ስለሚታይም ያልወደደው ሰው «ላጣራ» ብሎ ይገላገለዋል።

የማይታየው ሌላ ነው። ከባሕር ዳር 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከምትገኘው መራዊ አጠገብ የቆጋ መስኖ አለ። ቆጋ ግልገል ዓባይን ተቀላቅሎ ጣና የሚገባ ወንዝ ነው፤ ግድቡ የተሠራው 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ ታስቦ ነው። ሽንኩርትና ድንች የሚያለማ አርሶ አደር በውሃ ፈረቃ ከጎረቤቱ ጋር ሲጣላ «ውሃዬን ወሰደብኝ» ይላል። ክሱም ቁጭቱም በዚያች «ብኝ» ውስጥ አለ፤ እንዲህ ያለውን እንግሊዝኛ በአንዲት ቃል አይችለውም። ይኸው ሰው ስለ ግብርና ባለሙያው ሲያወራ ግን «ስልጠና ወስጃለሁ» ይላል። እንግሊዝኛው እዚህ ጋ ነው፤ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል ግን አይገኝበትም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ፈተናም፣ መድኃኒትም፣ ሻወርም፣ እርምጃም «ይወስዳል»። በአማርኛው ሰው ይፈተናል፣ ክኒን ይውጣል፣ ገላውን ይታጠባል። «ወሰደ» ሁሉን ጠቅልሎ የያዘበት አማርኛ የዜናና የቢሮ ሪፖርት አማርኛ ነው፤ ገጠርም በስብሰባና በሬዲዮ በኩል በደንብ ደርሷል።

ይህን የሰማ ጥንቁቅ ሰው ደግሞ «ወሰደ» ባየ ቁጥር ቀይ እስክሪብቶ ሊያነሳ ይችላል። አይገባም። «ጎርፍ ወሰደው»፣ «እንቅልፍ ወሰደው» ማንም ያላበደረን የራሳችን ናቸው። (በእንግሊዝኛ ሸለብታን የሚወስደው ሰውየው ነው፤ በእኛ ሰውየውን የሚወስደው እንቅልፍ ነው። የትኛው ለእውነቱ እንደሚቀርብ ከምሳ በኋላ ስብሰባ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል።)

የተበደርነው ሁሉ ጉዳት ነው የሚባለውም ትክክል አይደለም። «ሰለጠነ» ካልን ሙያው ገብቶታል ማለታችን ነው። «ስልጠና ወሰደ» የሚለው ግን መሳተፉን ብቻ ይናገራል፤ አበሉን ተቀብሎ፣ ፊርማውን ፈርሞ፣ ምንም ሳይዝ የወጣውንም ያካትታል። ስለዚህ «ስልጠና ወስዷል፤ አልሰለጠነም» ማለት ይቻላል። ለኢትዮጵያ ቢሮዎች ይህን ያህል የሚጠቅም ዓረፍተ ነገር እምብዛም ስለሌለ፣ እኔ ብሆን ይህን ብድር አልመልስም።

መድኃኒት ላይ ሲደርስ ግን አልስማማም። አርሶ አደሩ ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ «ማዳበሪያ ወሰደ» ስንል ጭኖ ወደ ቤቱ ሄደ ማለታችን ነው፤ ማሳው ላይ መበተኑን ማንም ከዚህ አይረዳም። ያው ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ «ክኒኑን ወስደዋል?» ሲባል፣ ከመድኃኒት ቤቱ ተቀብሎ ኪሱ ከትቶት ከሆነ «አዎ» ቢል አልዋሸም። ጠያቂው መዋጡን፣ ተጠያቂው መረከቡን ነው የሚያወራው፤ ካርዱ ላይ የሚጻፈው ግን አንድ ነው። ለዚህ የተሻለው ጥያቄ ድሮም ነበረን፦ ክኒን ከሆነ «ውጠዋል?»፣ ሽሮፕ ከሆነ «ጠጥተዋል?»፣ መርፌ ከሆነ «ተወግተዋል?»