ቤተሰብ ይዞ ወደ ሐረር፤ በአንድ ቀን ስንቱን ማየት ይቻላል?

ትምህርት ቤት ሲዘጋ በየቤቱ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «ዘንድሮስ የት እንሂድ?» ይላሉ ልጆች። አባት ኪሱን ያስባል፤ እናት የስንቁን ድካም ታስባለች፤ ጥያቄው «ኢንሻአላህ እናያለን» ተብሎ ያድራል፤ ክረምቱም ያልፋል። ጉዞ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሩቅ አገርና ብዙ ገንዘብ በመሆኑ፥ ጠዋት ወጥተን ማታ የምንመለስበትን ቅርብ ቦታ ከቁም ነገር አንቆጥረውም።

እኛም ከእነዚሁ ወላጆች መካከል ነበርን። ባለፈው ክረምት ግን ድሬዳዋ ዘመድ ቤት ስንሰነብት ሰበብ አጣን። ሐረር ከድሬዳዋ የምትርቀው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ፥ ሐረማያንና ዐወዳይን አልፎ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ስለዚህ አንድ ቀን ለይተን ተነሳን። ዛሬ የምናካፍላችሁ በዚያ ቀን የሠራነውን ስሕተትና ከስሕተቱ በኋላ ያወጣነውን ዕቅድ ነው።

ዘጠኝ ቦታ በአንድ ቀን

ከጉዞው በፊት በነበረው ማታ ባልና ሚስት ወረቀት ይዘን ተቀመጥን። የጀጎል ግንብና በሮቹ፥ ሁለት ሙዚየሞች፥ የአሚር ኑር መቃብር፥ ጃሚዕ መስጊድ፥ አንድ የሐረሪ ባህላዊ ቤት፥ ገበያው፥ የሐኪም ተራራ፥ በመጨረሻም ማታ የጅብ ምገባ። በጠቅላላው ዘጠኝ። ወረቀቱን አይተን ተደሰትን። ከእኛ ጋር የሚሄዱት ሦስት ልጆቻችንና ከሰባ ዓመት ያለፉት እናታችን ነበሩ።

በ1 ሰዓት እንነሳለን ብለን የወጣነው በ3 ነው። ሐረር ስንደርስ 5 ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ፥ «መኪና ግርግር» የሚባለው ቁልቁለት ላይ ስንደርስ የእናታችን ጉልበት እምቢ አለ። «እናንተ ሂዱ፥ እኔ መኪናው ውስጥ እጠብቃለሁ» አሉን። እኛም ወረቀቱን ይዘን ሄድን። የመጀመሪያው ሙዚየም ጋ ስንደርስ ለምሳ ተዘግቷል። ምሳ የበላነው ከ8 ሰዓት በኋላ ነው፤ ዙህርን የሰገድነው በጥድፊያ ነው። ትንሹ ልጅ እያለቀሰ ጀርባ ላይ አንቀላፋ። የሐኪም ተራራ ቀረ። ጅቦቹ ደግሞ የሚመጡት ሲጨልም ስለሆነ፥ በሌሊት ደንገጎን መውረድ ፈርተን እነርሱንም ተውን።

ወደ ድሬዳዋ ስንመለስ እናታችን ቀስ ብለው «ኤረር በርን ሳናይ ተመለስን ማለት ነው?» አሉ።

መኪናው ውስጥ ዝምታ ሆነ። እናታችን በልጅነታቸው አራት ዓመት ጀጎል ውስጥ አክስታቸው ዘንድ ማደጋቸውን እናውቃለን፤ ደጋግመው ነግረውናል። የትኛውን ቦታ ማየት እንደሚሹ ግን አልጠየቅናቸውም። «እማ፥ ለምን አልነገሩንም?» ብንላቸው፥ «የያዛችሁት ወረቀት ሞልቶ ነበር» አሉን።

ዕቅድ ከሰው ይጀምራል

በማግስቱ ወረቀቱን ቀደን ጣልነውና ከቁርስ በኋላ ሁላችንም ተሰበሰብን። ዕቅዱ ከቦታ ሳይሆን ከሰው እንዲጀምር ተስማማን። እያንዳንዱ ሰው አንድ ነገር ብቻ ይመርጣል፤ የመጀመሪያው ምርጫ የትልቁ ሰው ነው።

እናታችን ኤረር በርን አሉ። የአሥራ አራት ዓመቷ ልጃችን የሐረሪን ቤት ውስጡን ማየት ፈለገች። አሥር ዓመት የሆነው ጅብ አለ። የመጨረሻው «ባጃጅ መንዳት» አለ፤ መሳፈር በሚለው አስማማነው። እኛ ሙዚየምና የሐኪም ተራራን መረጥን። ስድስት ሰው የጠየቀው ስድስት ነገር ብቻ ሆነ። ዘጠኙን የሞላነው እኛ ራሳችን ነበርን። ስድስቱንም በሦስት ቀን ከፈልናቸው፤ በየቀኑ መሐል አንድ የዕረፍት ቀን አደረግን።

ትንሽ ክልል፥ ረጅም ታሪክ

የሐረሪ ክልል ከኢትዮጵያ ክልሎች ሁሉ በስፋትም በሕዝብ ብዛትም ትንሹ ነው። ለቤተሰብ ጉዞ ይህ ትንሽነት ጥቅም አለው፤ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ሲኬድ ቀኑ በመንገድ አያልቅም። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች፥ ከድሬዳዋ ሙቀት የሚወጣ ሰው ሹራብ ሊያስፈልገው ይችላል።

ጀጎል የሚባለው ግንብ አሮጌውን ከተማ የሚከብ ሲሆን፥ ሥራው በ16ኛው መቶ ዘመን ለነበሩት ለአሚር ኑር ይሰጣል። ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥንታዊዎቹ በሮች አምስት ናቸው፤ ሸዋ በር፥ ቡዳ በር፥ ሰንጋ በር፥ ኤረር በርና ፈላና በር። ሐረሪዎች በራሳቸው ቋንቋ ሌላ ስም አላቸው፤ ለምሳሌ ኤረር በርን አርጎብ በሪ ይሉታል። ዩኔስኮ ጀጎልን እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መታሰቢያ ቦታዎች እንዳሉ ጠቅሷል።

አንደኛው ቀን፤ ከግንቡ ውስጥ

በዚህኛው ጉዞ በ1 ሰዓት ተነሳን፤ የሚያስፈልገው ሁሉ በማታው ተዘጋጅቶ ነበር። በምሥራቁ አገር ሥራ ከቀትር በኋላ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቋረጥ፥ በር የሚዘጋበትን ቦታ ጠዋት፥ በር የሌለውን ቦታ ከሰዓት በኋላ ማየት ይበጃል። ስለዚህ መጀመሪያ የሄድነው ወደ ሸሪፍ ሙዚየም ነው። አብደላ ሸሪፍ የተባሉት የሐረር ሰው ለብዙ ዓመታት የሰበሰቧቸው የእጅ ጽሑፎች፥ ጌጣጌጦች፥ የጦር መሣሪያዎችና ሳንቲሞች፥ በተለምዶ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ ውስጥ ይገኛሉ።

ለልጆች ስለ ሁሉም ነገር ማስረዳት አይቻልም። እኛ የመረጥነው ሳንቲሞቹን ነው። የሐረር አሚሮች የራሳቸውን ገንዘብ ያሠሩ ነበር። ከዚያ ተነስተን ከተማዋ የንግድ መናኸሪያ እንደነበረች፥ እ.ኤ.አ. በ1875 ግብፆች እንደያዟት፥ እነርሱ በ1885 ከወጡ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1887 የምኒልክ ጦር በጨለንቆ ድል አድርጎ እንደገባባት ነገርናቸው። አንድ ሳንቲም ይዞ የተነገረ ታሪክ ከልጅ አእምሮ ቶሎ አይጠፋም።

ከሙዚየሙ ወደ ባህላዊው ቤት ሄድን። ለጎብኚ የተከፈቱ ቤቶች አሉ፤ ቢሆንም ሰው የሚኖርበት ቤት ነውና አስጎብኚው አስቀድሞ እንዲያስፈቅድ ማድረግ፥ ጫማ ማውለቅ፥ ፎቶ ከማንሳት በፊት መጠየቅ ግድ ነው። ዋናው ክፍል ውስጥ «ነደባ» የሚባሉ ከፍታቸው የተለያየ መደቦች አሉ፤ የቤቱ ታላቅ፥ እንግዳውና ታናናሾቹ የየራሳቸው መቀመጫ አላቸው። ግድግዳው በስፌትና በሳህን ያጌጠ ነው። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ከታየ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ መኖሯን ያመለክታል ሲባል ልጃችን ሳቀች፤ አያቷ ግን «እኛም ቤት ነበር» አሉ። ወለሉና መደቡ በቀይ አፈር የሚቀባው ጨለንቆ ላይ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው የሚሉ አሉ።

ዙህር ሲደርስ ቀኑ ግማሽ ላይ ነበር። ሰግደን፥ ሳምቡሳና ፈጢራ በልተን፥ ለቤት የሚሆን ሐልዋ ገዝተን፥ ዐስርን ድሬዳዋ ደርሰን ሰገድን። ማንም አላለቀሰም።

ሁለተኛው ቀን፤ ከግንቡ ውጭ

ይህ የእናታችን ቀን ነበር። ጀጎል ውስጥ ብዙዎቹ መንገዶች ለመኪና አይበቁም፤ አቀበትና ቁልቁለትም አላቸው። ጉልበት የደከመው ሰው ግን ከውጭ በኩል በባጃጅ እስከ በሩ ሊደርስ ይችላል። ከመጨረሻው ልጃችን ጋር አንድ ባጃጅ ተሳፈሩ፤ ሁለት ምኞት በአንድ ሂሳብ ተፈጸመ።

ኤረር በር እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 የገባበት በር ነው ይባላል። ይህን ልናስረዳ ስንጀምር እናታችን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከገጠር እንጨትና ወተት የሚያመጡ ሴቶች ጠዋት ጠዋት በዚህ ሲገቡ ከአንዲት ጓደኛቸው ጋር ቆመው ይመለከቱ እንደነበር፥ አንድ ቀን ሸንኮራ ሲበሉ ቁርኣን ቤት አርፍደው እንደተቀጡ ነገሩን። የጓደኛቸውን ስም ሲጠሩ ድምፃቸው ትንሽ ተለወጠ። ስለ በርተን ሳንናገር ቀረን። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ልጆቹም ግንቡ ሥር ያሉትን፥ ጅብ እንዲያልፍባቸው የተተዉትን ቀዳዳዎች ፈለጉ።

ከዚያ እናታችን ሻይ ቤት አረፍ ሲሉ አንዳችን ከእርሳቸው ጋር ቀረ፤ ሌላው ትልልቆቹን ይዞ ከከተማው በስተደቡብ ወዳለው የሐኪም ተራራ ወጣ። ከዚያ ላይ ጀጎል በአንድ ዓይን ይገባል፤ ሚናራዎቹ፥ የታጨቁት ቤቶች፥ ግንቡ። ቀደም ብሎ ከውስጥ የተመላለሱበትን ከተማ ልጆች ከላይ ሲያዩት ቦታውን ያውቁታል። ስለዚህ ተራራውን ከጀጎል በኋላ ማድረግ ይሻላል። ጊዜ ያለው ቤተሰብ የኤረር ሸለቆን እርሻዎችና በድንጋይ ቤቶቿ የምትታወቀውን የአርጎባ መንደር ኮረሚን ለሌላ ቀን ሊይዝ ይችላል።

ሦስተኛው ቀን፤ የማታው ጉዞ

ጅብ ማየት የፈለገ ሐረር ማደር አለበት። ይህን ቀን ከሰዓት በኋላ ጀመርነው፤ ዐስርን ሐረር ሰገድን፥ መግሪብንም እንዲሁ፤ ከዚያ ከግንቡ ውጭ ወደ ምገባው ቦታ ሄድን። ጅቦቹ ከጨለማው እየወጡ ሥጋውን ከመጋቢው እጅ፥ አንዳንዴም አፉ ላይ ከያዘው እንጨት ይወስዳሉ። ዋጋውን አስቀድሞ መስማማት፥ ሕፃናትን እጃቸውን መያዝ፥ አለመጮኽና አለመሮጥ ያስፈልጋል። የፈራን ልጅ «ወንድ አይደለህም?» ብሎ መግፋት ነውር ነው። ጅብ የመረጠው ልጃችን ራሱ ሲደርስ ከኋላችን ቆመ፤ እኛም ተውነው።

ለመንገድ የሚሆን ምክር

1. ፍጥነቱን የሚወስነው ደካማው ተጓዥ ይሁን። አዛውንት ወይም ሕፃን መኪና ውስጥ ቀርቶ የሚጠብቅበት ጉዞ የቤተሰብ ጉዞ አይደለም።

2. ቀኑን በሶላት ሰዓቶች ላይ ስቀሉት። በዙህርና በዐስር መካከል አንድ ነገር ብቻ ያዙ። ጀጎል ውስጥ መስጊድ አይታጣም፤ የሴቶች መስገጃ ያለበትን ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። ዓርብን ለጁምዓ ተዉት።

3. ውኃና ደረቅ ስንቅ ያዙ፤ ምሳውን ግን እዚያው ግዙ። እናት ሌሊቱን ስታበስል አድራ ደክማ የምትሄድበት ጉዞ ለእርሷ ዕረፍት አይደለም።

4. ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ከአካባቢው ሰው፥ ሙዚየም የሚከፈትበትን ሰዓት በስልክ ጠይቁ። ከመግሪብ በፊት ለመመለስ የመነሻ ሰዓት ቁረጡ።

5. ከረመዳን በኋላ በሸዋል የሚከበረው ሹዋሊድ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚያን ጊዜ መሄድ የሚሻ ማደሪያውን አስቀድሞ ይያዝ።

ከዝርዝራችን ውስጥ አሁንም ያላየናቸው ቦታዎች አሉ። ሁለተኛውን ሙዚየም አላየንም፤ የአሚር ኑርንም መቃብር ከሩቅ ብቻ ነው ያየነው። ቤት ስንመለስ ግን ልጆቹ ለጎረቤት የሚያወሩት ጅቡንና ባጃጁን ብቻ አልነበረም፤ አያታቸው ሸንኮራ ሲበሉ የተቀጡበትን በር ጭምር ነበር። እናታችንም አሁን «ዘንድሮስ የት እንሂድ?» ከሚሉት አንዷ ሆነዋል።

ለመጪው ዕረፍት ወረቀት ስታነሱ፥ ከመጻፋችሁ በፊት በቤታችሁ ያሉትን ትልቅ ሰው ጠይቁ። አላህ በሰላም ወጥተው በሰላም ከሚመለሱት ያድርገን። መልካም ጉዞ።