የሱፐርማን ሞት፦ የወራት ንባብ እንዴት የሰዓት ፊልም ይኾናል?

በአሜሪካ የልዕለ ጀግኖች የሥዕል መጽሔቶች ታሪክ ውስጥ የሱፐርማንን ሞት ያህል ብዙ የተባለለት ትረካ ጥቂት ነው። እ.አ.አ በ1992 መገባደጃ ላይ የታተመው ይህ ታሪክ ሁለት ጊዜ አኒሜሽን ፊልም ኾኗል፤ መጀመሪያ በ2007፣ ከዚያም በ2018 እና በ2019 በሁለት ክፍል ተሠርቷል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ተመልካች አንድ ነገር ማስተዋሉ አይቀርም። የታሪኩ ውጊያ ከመጽሔት ወደ ፊልም ያለ ብዙ ችግር ይሻገራል። አስቸጋሪው ሐዘኑ ነው፤ ሐዘን ጊዜ ይፈልጋልና።

ጀግናው ማን ነው?

ሱፐርማንን የፈጠሩት ጄሪ ሲግል እና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት ወጣቶች ሲኾኑ፣ ለአንባቢ የቀረበው በ1938 አክሽን ኮሚክስ በተባለው መጽሔት የመጀመሪያ ዕትም ነው። ታሪኩ እንደሚለው ክሪፕቶን የተባለች ፕላኔት ልትጠፋ ስትል ወላጆቹ ሕፃኑን በመንኮራኩር ወደ ምድር ይልኩታል። መንኮራኩሩም በካንሳስ ግዛት፣ ስሞልቪል በምትባል የገጠር ከተማ አቅራቢያ ያርፋል። ጆናታን እና ማርታ ኬንት የተባሉ ገበሬ ባልና ሚስት ሕፃኑን አንስተው፣ ክላርክ ብለው ስም አውጥተው፣ በእርሻቸው ላይ ያሳድጉታል።

ልጁ ሲያድግ ሜትሮፖሊስ ወደምትባል ታላቅ ከተማ ገብቶ ዴይሊ ፕላኔት በተባለ ጋዜጣ ዘጋቢ ይኾናል። ሕዝቡ የሚያውቀው በቀይ ካባ የሚበርረውን ሱፐርማን ነው። ዘጋቢው ክላርክ እና ሱፐርማን አንድ ሰው መኾናቸውን የሚያውቁት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። ይህ ምሥጢር ለሞቱ ታሪክ ትልቅ ክብደት አለው። ልጃቸው የሞተባቸው ገበሬዎች "ልጃችን ነው" ብለው በአደባባይ ማልቀስ አይችሉምና።

ሠርግ ሲዘገይ ሞት ቀደመ

በመጽሔቱ ክላርክ እና የሥራ ባልደረባው ሎይስ ሌን በ1990 ተጫጭተዋል፤ በተከታዩ ዓመትም ምሥጢሩን ገልጦላታል። ደራሲያኑ ቀጥለው ሊድሯቸው አቅደው ነበር። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ስለ ሁለቱ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ እየተዘጋጀ ስለነበር የመጽሔቱ ሠርግ ወደ ሌላ ጊዜ እንዲተላለፍ ተደረገ። ደራሲያኑም ዋና ዕቅዳቸው ከእጃቸው ወጣ። ከመካከላቸው ጄሪ ኦርድዌይ በየስብሰባው ጀግናውን እንግደለው እያለ ይቀልድ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ግን ቀልዱ ቁም ነገር ኾነ። የተላለፈው ሠርግ በመጽሔቱም በድራማውም የተፈጸመው በ1996 ነው።

በዚያ ዘመን ሱፐርማን በአራት ወርኃዊ መጽሔቶች ይወጣ ነበር። አራቱ እየተፈራረቁ አንዱን ታሪክ ስለሚቀጥሉ አንባቢው በየሳምንቱ አንድ ክፍል ያገኝ ነበር። ዱምስዴይ የተባለ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ግዙፍ ፍጡር ከመሬት ሥር ወጥቶ ያገኘውን ሁሉ እያወደመ ወደ ሜትሮፖሊስ ይገሰግሳል። ሱፐርማንም በዴይሊ ፕላኔት ሕንጻ ፊት ለፊት ገጥሞት፣ ሁለቱም ተያይዘው ይወድቃሉ። ጀግናው በሎይስ ክንድ ላይ እንዳለ ትንፋሹ ይቆማል።

ይህንን ፍጻሜ የያዘው ሱፐርማን ቁጥር 75 ኖቬምበር 1992 ላይ ለገበያ ቀረበ። ዳን ጀርገንስ ጽፎ የሣለው ይህ ዕትም ከ6 ሚሊዮን ቅጂ በላይ እንደተሸጠ ይነገራል። አንዱ ዓይነት ዕትም በጥቁር ከረጢት ታሽጎ፣ ክንድ ላይ የሚታሰር ጥቁር የሐዘን ጨርቅ ተጨምሮበት ነበር። ብዙዎች ወደፊት በውድ እንሸጠዋለን ብለው ከረጢቱን ሳይከፍቱ አስቀመጡት። ይሁንና ገበሬው ሁሉ በአንድ ወቅት ሽንኩርት ሲያደርስ ዋጋው እንደሚወድቅ፣ ሁሉም ሰው ያስቀመጠው መጽሔትም ብርቅ ሊኾን አልቻለም።

መጽሔቱ ጊዜን የያዘበት መንገድ

የሥዕል መጽሔት ገጽ በሣጥን መሰል ክፈፎች ይከፋፈላል። አንባቢው ከአንዱ ክፈፍ ወደ ሌላው የሚሻገርበትን ፍጥነት የሚወስነው ራሱ ነው። ደራሲያኑም ይህንን ተጠቅመዋል። በመጨረሻዎቹ አራት ተከታታይ ዕትሞች የክፈፎቹን ቁጥር እየቀነሱ መጡ፤ በመጀመሪያው በየገጹ አራት፣ በቀጣዩ ሦስት፣ ከዚያ ሁለት፣ በመጨረሻው በቁጥር 75 ደግሞ አንድ ገጽ አንድ ሥዕል ብቻ ያዘ። ሥዕሉ እየገዘፈ፣ ገጹ በፍጥነት እየተገለበጠ ይሄድና ተዘርግቶ የሚከፈት ሰፊ ሥዕል ላይ ይቆማል። በሥዕሉ ላይ ሬሳው፣ ሎይስ፣ እንጨት ላይ የተንጠለጠለው የተቀዳደደ ቀይ ካባም ይታያሉ።

ከዚያ በኋላ ሐዘኑ ይቀጥላል። ስምንት ክፍሎች ያሉት የቀብሩ ታሪክ ወጣ። ከተማዋ ጀግናዋን በታላቅ ሥርዓት ስትቀብር፣ ጆናታን እና ማርታ በገጠር ቤታቸው ተቀምጠው የልጃቸውን ቀብር በቴሌቪዥን ይመለከታሉ። የገበሬው አባት ልብ ሐዘኑን መሸከም ያቅተውና ይታመማል፤ በሞትና በሕይወት መካከል ኾኖም ልጁን ፍለጋ ይሄዳል።

የቀብሩ ታሪክ ካበቃ በኋላ የሱፐርማን መጽሔቶች ለጊዜው መውጣት አቆሙ። አንባቢው በየሳምንቱ የለመደውን አጣ። በ1993 መጽሔቶቹ ሲመለሱ የሱፐርማንን ስም የያዙ አራት የተለያዩ ተተኪዎች ብቅ አሉ፤ አንዱ ወጣት፣ አንዱ ግማሽ አካሉ ማሽን የኾነ፣ አንዱ ጨካኝ ፈራጅ፣ አንዱ ደግሞ የብረት ልብስ የለበሰ መሐንዲስ። ከአራቱ እውነተኛው ማን ነው? የሚለው ጥያቄ ለወራት ቀጠለ። በእኛ ሀገር ለቅሶ ሣልስት እና አርባ እንዳለው ሁሉ፣ ያ ታሪክም የራሱ የሐዘን ቀናት ነበሩት። አንባቢው እነዚያን ቀናት የቆጠረው በራሱ ሕይወት ውስጥ ነው።

አኒሜሽን ፊልም እንዴት ይሠራል?

በፊልም ጊዜውን የሚወስነው ተመልካቹ ሳይኾን አዘጋጁ ነው። ሥራው የሚጀምረው በጽሑፍ ነው። ቀጥሎ እያንዳንዱ ትዕይንት በተርታ በረቂቅ ሥዕል ይነደፋል። የተዋንያን ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረጸው ሥዕሉ ከመንቀሳቀሱ አስቀድሞ ነው፤ ሠዓሊዎቹ የገጸ ባሕርይውን አፍ እና ፊት ከድምፁ ጋር ያስማማሉ።

አንድ ሰከንድ ፊልም 24 ምስሎች ይይዛል። በዚህ ስሌት የ2018ቱ ባለ 81 ደቂቃ ፊልም ከ116 ሺህ በላይ ምስሎች አሉት። ወጪ ለመቆጠብ አንዱ ሥዕል ለሁለት ምስል ቢውል እንኳ ከ58 ሺህ በላይ ሥዕል ያስፈልጋል። የመጽሔት ሠዓሊ አንዱን ሥዕል አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሥል የካባውን እጥፋት፣ የፊቱን ጥላ፣ የፍርስራሹን ድንጋይ ሁሉ ሊዘረዝር ይችላል። ለፊልም የሚሠራው ግን ያንኑ ፊት በሺዎች ጊዜ መድገም ስላለበት መስመሩን ይቀንሳል። የአኒሜሽን ጀግኖች ከመጽሔቱ ይልቅ ለስላሳና ቀለል ያሉ ኾነው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ፦ አራቱን ወደ አንድ

በ2007 "ሱፐርማን፦ ዱምስዴይ" በሚል ርእስ የወጣው ፊልም፣ የዲሲ ኮሚክስ ታሪኮችን በቀጥታ ለዲቪዲ ገበያ ለማቅረብ የተጀመረው ተከታታይ የአኒሜሽን ሥራ በኵር ነው። ዱዌን ካፒዚ ጽፎታል፤ ብሩስ ቲም፣ ሎረን ሞንትጎመሪ እና ብራንደን ቪየቲ አዘጋጅተውታል። ርዝመቱ 80 ደቂቃ አይሞላም።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ውጊያውን፣ ሞቱን፣ ሐዘኑን እና መመለሱን ማስገባት ግድ ነበር። ስለዚህ አዘጋጆቹ ቆረጡ። በመጽሔቱ ሱፐርማንን ያገዙት ሌሎች ጀግኖች ወጡ። ዱምስዴይን ከመሬት ሥር የሚያወጡት የባለጸጋው የሌክስ ሉተር ቆፋሪዎች ኾኑ። አራቱ ተተኪዎች ደግሞ ወደ አንድ ተጠቀለሉ፤ ሉተር ከሟቹ ደም ያበቀለው አምሳያ ሱፐርማን ነኝ ብሎ ይነሳል። ሕዝቡ ጀግናው ተመለሰ ብሎ ሲደሰት፣ ማርታ እና ሎይስ ከሌላው ቀድመው ይጠራጠራሉ። አምሳያው ቀስ በቀስ ከጠባቂነት ወደ ጨቋኝነት ይለወጣል።

ችግኝ ከመደብ ወደ ማሳ ሲዛወር ቅጠሉ ቢቀነስ ይጸድቃል፤ ሥሩ ቢቆረጥ ግን ይደርቃል። የ2007ቱ ፊልም ብዙ ቅጠል አራግፏል። ሥሩን ግን አልነካም፤ የሚወዱት ሰዎች ሟቹን ከሐሰተኛው የሚለዩት በኃይሉ ሳይኾን በጠባዩ ነው። ያጣው ነገር መጠበቁን ነው። ጀግናው ሞቶ የሚመለሰው በአንድ ቁጭታ ውስጥ ስለኾነ፣ ተመልካቹ ሐዘኑን በቅጡ ሳይቀምሰው መጽናኛው ይደርሳል።

ሁለተኛው ሙከራ፦ ታሪኩን ለሁለት መክፈል

በ2018 "የሱፐርማን ሞት"፣ በ2019 መጀመሪያ ደግሞ ስለ አራቱ ተተኪዎች የሚተርከው ቀጣዩ ፊልም ወጡ። የመጀመሪያውን ፒተር ቶማሲ ጽፎት ሳም ሊዩ እና ጄምስ ታከር አዘጋጅተውታል። ሁለቱ ተደምረው ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳሉ።

በመካከላቸው ያለፉት ወራት ለተመልካቹ የጠፋውን ነገር በመጠኑ መለሱለት። የመጀመሪያው ፊልም በሐዘንና በጥያቄ ይዘጋል፤ መልሱን የሚሻ ሰው መጠበቅ አለበት።

የተገኘው ሰፊ ጊዜ ፍሬ ከማጨድ በፊት ዘር ለመዝራትም አገልግሏል። በመጽሔቱ ግማሽ አካሉ ማሽን የኾነው ሃንክ ሄንሾ ከሞቱ ታሪክ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የተዋወቀ ገጸ ባሕርይ ነበር። ፊልሙን ብቻ የሚያይ ሰው ይህንን አያውቅም። ስለዚህ ጸሐፊው ሄንሾን በጠፈር መንኮራኩር ላይ ኾኖ ሱፐርማን ይደርስልናል ብሎ ሲጠብቅ ያሳየናል፤ ባልደረቦቹ ግን ያልቃሉ። ዱምስዴይም ከመሬት ሥር ሳይኾን ከዚያው ከጠፈር ይመጣል። በሁለተኛው ፊልም የሚታየው የሄንሾ ቂም ከዚህ የበቀለ ነው።

ሌላው ለውጥ የምሥጢሩ ነው። በመጽሔቱ ሎይስ ምሥጢሩን ካወቀች ቆይታለች። በ2018ቱ ፊልም ግን ክላርክ እውነቱን የሚነግራት ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ከዚያ በፊት የገጠሩ ወላጆች ልጃቸውን ሊጠይቁ ወደ ከተማ መጥተው ከሎይስ ጋር ይተዋወቃሉ። ተመልካቹ እነዚህን ሁለት ገበሬዎች አስቀድሞ ስላወቃቸው፣ ሞቱ ሲመጣ ማን ምን እንዳጣ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። በመጽሔቱ ብዙ ዕትሞች የፈጀው ትውውቅ እዚህ በጥቂት ትዕይንቶች ተተክቷል።

ለወላጆች እና ለሀገራችን ሠዓሊያን

ሥዕል የሚንቀሳቀስበት ፊልም ሁሉ ለሕፃናት የተሠራ የሚመስላቸው ወላጆች ብዙ ናቸው። እነዚህ ፊልሞች በአሜሪካ የተሰጣቸው ደረጃ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ወላጅ እንዲጠነቀቅ የሚያሳስብ ነው። ደም፣ ከባድ ድብደባ እና ሞት ይታይባቸዋል። ስለዚህ ልጆች ከማየታቸው በፊት ወላጅ ቢመለከታቸው፣ ከተቻለም አብሮ ቢያይ መልካም ነው።

በሀገራችንም የልዕለ ጀግና የሥዕል ታሪክ ተጀምሯል፤ በ2018 የወጣው "ጀምበር" በአማርኛና በእንግሊዝኛ ቀርቧል። ነገ እንዲህ ያለ ሥራ ወደ ፊልም ይሻገር ቢባል ባለሙያዎቹ የሚገጥማቸው ጥያቄ ከላይ ካየነው የተለየ አይኾንም። ገንዘብና መሣሪያ እንደሚያስፈልግ ግልጽ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንባቢው በታሪኩ ውስጥ የቆየው የት ቦታ ላይ እንደኾነ ለይቶ ማወቅ ይገባል። በሱፐርማን ሞት አንባቢው የቆየው በውጊያው ላይ ሳይኾን፣ አንድ ገበሬ አባት የልጁን ቀብር በቴሌቪዥን ባየበት ቤት ውስጥ ነበር።