ስለ «አናጢ መደብ» ስያሜ

አናጢ የሚላገውን፣ የሚበሳውንና የሚቈረጠውን እንጨት አሳርፎ የሚይዝበት ከባድ ዕቃ በሙያ ጽሑፎች ‹የሥራ ጠረጴዛ› ሲባል ይገኛል። ስያሜው ለተርጓሚ ይቀላል፤ ዕቃውን በቤቱ ግቢ በእጁ ሊሠራ ለሚነሣ ሰው ግን አሳሳች ነው። ጠረጴዛ መሠረቱ የግሪክኛው ‹ትራፔዛ› ሲሆን የጥንት ትርጓሜው «ባለ አራት እግር» ማለት ነው። የሚሸከመውም ከላይ ወደ ታች የሚጫነውን ነው። መላጊያ ግን በአግድም ይገፋል። ጠረጴዛ ሥራ የተባለ ሰው ቀጭን እግር ያቆማል፤ በመጀመሪያው ግፊት ዕቃው ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ቀጥሎም ከሠሪው እየሸሸ በወለሉ ላይ ይሄዳል።

የደብረ ታቦር አካባቢ ደጋ ለጉዳዩ ጥሩ ምስክር ነው። ነባሩ ጠራቢ ሞፈርና ቀንበር የሚያበጀው እንጨቱን በእግሩ ረግጦ ይዞ ነው፤ መያዣው የገዛ አካሉ በመሆኑ የሌላ መያዣ ስም አላስፈለገውም። ከከተማዋ አጠገብ ባለችው በጋፋት ግን ዐፄ ቴዎድሮስ የሰበሰቧቸው የውጭ አገር ባለእጆች በ1850ዎቹ ዓ.ም. መድፍ ያቀልጡ ነበር፤ ሴባስቶፖል የተባለውም በ1860 ዓ.ም. በሠረገላ ተጐትቶ ወደ መቅደላ ተጓዘ። የጋፋት ዝና በብረቱ ይሁን እንጂ ሠረገላ ያለ አናጢ አይሠራም፤ ሠረገላን የሚያህል ሥራም በእግር ተረግጦ አይያዝም። (‹አናጢ› ራሱ ከግዕዙ ‹ሐነጸ› የወጣ፣ በመሠረቱ ቤት ገንቢውንም የሚያጠቃልል ቃል መሆኑን በዚሁ አጋጣሚ እናስታውሳለን።)

እኛ የምናቀርበው ‹የአናጢ መደብ› የሚለውን ነው። መደብ በደገኛው ቤት ከግድግዳ ጋር ተያይዞ የሚሠራ፣ ሰው የሚቀመጥበትና የሚተኛበት፣ ከቶ የማይነቃነቅ ነገር ነው። ሠሪው ስሙን በሰማ ጊዜ ክብደትን ያስባል፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ቃሉ በሰዋስው፣ በኅብረተሰብ ጥናትና በገበያ ሌላ ትርጉም አለው ቢባል ‹የአናጢ› የሚለው ቅጽል ይለየዋል። መደብ የጭቃ ሥራ ነው የሚል ተቃውሞም ሊነሣ ይችላል። ምድጃም እንዲሁ የጭቃ ነበር፤ ዛሬ የኤሌክትሪክ ምድጃ ስንል ማንም አይደናገርም።

ለክፍሎቹ አዲስ ቃል መፍጠር እምብዛም አያሻም። ላዩ ‹ገበታ› ይባል፤ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ካለው ደረቅ የዋንዛ ሳንቃ ቢሠራ ይመረጣል። ባሕር ዛፍ በየደጃፉ ቢገኝም ሲደርቅ ስለሚጣመምና ስለሚሰነጠቅ ለገበታ አይመከርም። የእግሩ ጫፍ ተቀርጾ በገበታው ቀዳዳ ይገባል፤ ገቢውን ‹ወንዴ›፣ ተቀባዩን ‹ሴቴ› ብንል ባለሙያው ወዲያው ይረዳናል። ወንዴው ጫፉ ላይ ተሰንጥቆ የወይራ ‹ሽብልቅ› ሲመታበት እየሰፋ ይጠብቃል፤ ምስማር አያስፈልገውም። እግሮቹን ከታች የሚያያይዘው ‹አግዳሚ› ነው፤ ግፊቱን የሚችለው በተለይ እርሱ ስለሆነ ወፍራም ይሁን። የመደቡ ቁመት ሠሪው ክንዱን ለቆ ሲቆም መዳፉ እስከሚደርስበት ነው። የሚላገው እንጨት ወደፊት እንዳይንሸራተት ከገበታው ብቅ ብሎ የሚያቆመውን ‹መግቻ› እንለዋለን።

‹ሞርሳ› ግን ከጣሊያንኛ የመጣ ቢሆንም ይቆይ። በምንጩ ከመንከስ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ‹ነካሽ› ብሎ መተካት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ሞርሳ ስጠኝ የሚለውን አናጢ ነካሽ ስጠኝ በል ብንለው የሚሰማን አናገኝም።