ከስሙ በፊት ቁጥሩ

በጅማ ዙሪያ ስለ ቡና ችግኝ ሲወራ 74110 የሚባል ቁጥር ይነሣል። በመልኮ የሚገኘው የጅማ እርሻ ምርምር ማዕከል ያወጣው፣ ፍሬ የሚያበላሸውን በሽታ የሚቋቋም ዝርያ ነው። 74 እናት ዛፉ የተመረጠበት ዓመት ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1974። ሻጭ ችግኙን ባሻው ስም ቢጠራው ዝርያው ያው ነው።

የኮምፒውተር ዲስክም ፋይልን የሚለየው በቁጥር ነው። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ለዩኒክስ ያበጁትን ይህን አሠራር ሊኑክስ ወርሶታል። የአንድሮይድ ስልክ ከርነል፣ ማለትም የሥርዓቱ እምብርት፣ ሊኑክስ ስለሆነ፣ አጋሮ ገበያ የቡና ዋጋ የሚጠየቅበት ስልክ ውስጥም አለ። በዚህ ቁጥር የሚለየው አይኖድ የተባለ ትንሽ መዝገብ የፋይሉን ባለቤት፣ መጠን፣ ፈቃድና መረጃው ዲስኩ ላይ የተቀመጠበትን ቦታ ይይዛል። ስሙን ግን አይዝም፤ ስሙ የሚገኘው ፎልደሩ ውስጥ፣ ከቁጥሩ ጎን ነው። አንድ ፋይል ሁለት ስም ኖሮት አንዱ ቢሰረዝ ፋይሉ የማይጠፋው ለዚህ ነው።

ከርነሉ ሁለት ቆጠራ ይይዛል። አንዱ ዲስኩ ላይ ስንት ስም ወደ አይኖዱ እንደሚያመራ፣ ሌላው በዚህ ቅጽበት ሜሞሪ ውስጥ ስንት ተጠቃሚ እንደያዘው። ፋይሉ የሚለቀቀው ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ነው። ተሰርዞ ገና ያልተዘጋ ፋይል ሳለ መብራት ቢጠፋስ? ኤክስት4 የተባለው የሊኑክስ ፋይል ሥርዓት እንዲህ ያሉትን በተለየ ዝርዝር ስለሚመዘግብ፣ ዲስኩ እንደገና ሲከፈት ያጸዳቸዋል።

የከርነል ኮድ ገምጋሚ ከሁሉ አብልጦ የሚመረምረው ሁለተኛውን ቆጠራ ነው። አይጌት የሚባለው የኮድ ጥሪ አይኖዱን ይይዛል፣ አይፑት የሚባለው ይለቃል። ሥራው ሲሳካ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ ይመጣጠናሉ። ስህተት የሚደበቀው ዲስኩ አልነበብ ሲል ወይም ሜሞሪ ሲያልቅ ኮዱ አቋርጦ በሚመለስበት መንገድ ነው፤ በሙከራ ጊዜ እዚያ የሚደርስ ጥቂት ነውና። አንድ አይፑት ከተረሳ አይኖዱ እንደተያዘ ይቀራል፣ ከርነሉም ዲስኩ ሲነቀል ያማርራል። አንድ ከበዛ ግን ሌላው እየተጠቀመበት ያለው ሜሞሪ ይለቀቃል። እኔ የምፈራው ሁለተኛውን ነው፤ ብልሽቱ ብቅ የሚለው ከመነሻው ርቆ፣ ምንም ባልሠራ ኮድ ላይ ነው።

የቡናው ምሳሌ እዚህ ላይ ያበቃል። 74110 ለሌላ ዝርያ አይሰጥም፤ የተለቀቀ የአይኖድ ቁጥር ግን ለአዲስ ፋይል ይሰጣል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጋር የትውልድ ቁጥር ይቀመጣል። ፋይሎችን በኔትወርክ የሚያጋራው ኮድ ይህን ሳያመሳክር ካለፈ፣ ድሮ የከፈተውን ፋይል የጠየቀ ሰው የሌላውን ፋይል ሊያነብ ይችላል።