መፈልፈያው ሳይሰበር የጋዙን ሂሳብ እንሥራ

ዛሬ ስለ ብየዳ ጋዝ ነው የማወራው። «ደላላና ብየዳ ምን አገናኛቸው?» እንዳትሉኝ። እሸት በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይበላሻል።

አምና ኅዳር ላይ በይርጋጨፌ መስመር አንድ ሳይት የመፈልፈያው እግር ተሰነጠቀ። በያጁ ቶሎ መጣ፤ የኦክስጅን ቦምቦላው ግን ባዶ! ሌላ እስኪመጣ ነጋ። ለታጠበ የተገዛው እሸት አልጋ ላይ ተሰጥቶ በጀንፈል ዋጋ ተሸጠ፤ እሱም ጠረኑ ተነቅሶበት። የእኔም ኮሚሽን አብሮ ሄደ።

ጋዝ በብየዳ ሁለት ሥራ አለው።

1. ማቅለጥ፦ አሲቲሊን ከኦክስጅን ጋር ሲነድ ከ3,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል። ብረት 1,500 አካባቢ ይቀልጣል። መብራት ሲጠፋም ይሠራል፤ ለእኛ ሳይቶች ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው።

2. መከላከል፦ የቀለጠ ብረት አየር ከገባበት እንደ ወንፊት ይበሳሳል። በኤሌክትሮድ ሲበየድ ሽፋኑ ተቃጥሎ መከላከያውን ጋዝ ራሱ ይሰጣል። ለማይዝግ ብረት አርጎን፣ ለተራ ብረት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከቦምቦላ ይለቀቃል። እነዚህን ንፋስ ይበትናቸዋል፤ ስለዚህ ሜዳ ላይ ላለ ማሽን ኤሌክትሮድ ይሻላል።

አሁን ወደ ሂሳቡ። 40 ሊትር የሚይዝ የኦክስጅን ቦምቦላ በ150 ባር ሲሞላ ወደ 6,000 ሊትር ጋዝ ነው። ጌጁ 75 ካነበበ ግማሽ ነው የገዛችሁት፤ የሙሉ አትክፈሉ። አሲቲሊን ግን አሴቶን ውስጥ ሟሙቶ ስለሚቀመጥ በጌጅ አይታመንም። እንደ ቡናችን ሚዛን ላይ አውጡት፣ የባዶውን ክብደት ቀንሱ።

ጥንቃቄ፦ የኦክስጅን ቫልቭ ዘይትም ግራሶም አይንካው፣ ይቀጣጠላል። የአሲቲሊን ቦምቦላ ሁልጊዜ ይቁም እንጂ አይተኛ። ለአሲቲሊን የመዳብ ቱቦ አይገጠምም፣ ሊፈነዳ ይችላል።

የማኅበራት ኃላፊዎች፣ ጥገናውን እሸት ከመድረሱ በፊት ጨርሱት። በያጁን ስትቀጥሩም መጀመሪያ «ቦምቦላህ ስንት ያነባል?» በሉት። አንድ ቦምቦላ ተጠባባቂ ማስቀመጥ፣ አንድ ቀን እሸት ከማበላሸት ይረክሳል።

የነገውን የዲላ ዋጋ እንደተለመደው ማታ እለቃለሁ። መልካም ገበያ!