አሰልጣኙ ይባረር! ከዚያስ?

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ነኝ። ያስለመደኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ገና ፊደል ሳልቆጥር ቀይ ማሊያ አለበሰኝ፤ ከዚያ ወዲህ መውጫው ጠፋኝ። ይህንን አስቀድሜ የምናገረው ወገንተኝነቴን አውቃችሁ እንድታነቡኝ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜይ 21 ቀን 2025፣ ረቡዕ፣ በእኛ አገር ሰዓት ከምሽቱ 4 ሰዓት። ከግቢያችን በር ፊት ለፊት ያለው ዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚዎቹ ሞልተው ሰው በሩ ላይ ተደራርቦ ቆሟል። ጨዋታው ቢልባኦ ከተማ የሚደረግ የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ነው፤ ዩናይትድ ከቶተንሃም። በ42ኛው ደቂቃ ብሬናን ጆንሰን አገባብን፤ በዚያው 1 ለ 0 አለቀ። ጨዋታው አልቆ ቴሌቪዥኑ ቢጠፋም ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ዋናው ጨዋታ የተጀመረው ገና ያኔ ነበር ማለት ይቻላል።

አንዱ አግዳሚው ላይ ቆሞ «አሞሪም ዛሬውኑ ይባረር!» ይላል። ሌላው «ኧረ ጊዜ ስጡት! ከመጣ ስድስት ወሩ እኮ ነው» ይላል። ከጥግ ደግሞ «አሰልጣኙን ተዉት፣ ባለቤቶቹ ናቸው የገደሉን» የሚል ድምፅ ይመጣል። በመሃል ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና «ልጆቼ፣ ይሄን ክርክር በሞዬስ ጊዜ እዚሁ አግዳሚ ላይ ሰምቼዋለሁ። ስሙን ብቻ ነው የቀየራችሁት» አሉ። ሰው ሳቀ፤ ክርክሩ ግን አልቆመም። የዶርም ጓደኞቼ የሆኑ ሁለት ልጆች በዚያ ምሽት ተኳርፈው ለቀናት ሳይነጋገሩ ሰነበቱ። አንድ ክፍል ውስጥ እየተኙ!

እኔም በማግስቱ ይህንኑ ለዜና አጻጻፍ ኮርስ የቤት ሥራ አደረግኩት። ርዕሱን «የዩናይትድ ደጋፊዎች አሰልጣኙ እንዲሰናበት ጠየቁ» ብዬ፣ በራሴ ተደስቼ አስረከብኩ። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት አጫጭር ጥያቄዎች ጽፈውበታል። «ስንት ደጋፊ? የጠየቅኻቸውስ ምን ብለህ ነው?»

እውነቱን ለመናገር ማንንም አልጠየቅኩም ነበር። የጻፍኩት ጎልቶ የተሰማኝን ነው። ይህ ጽሑፍ ለእነዚያ ሁለት ጥያቄዎች የምሰጠው የዘገየ መልስ ነው።

አንድ የሚመስሉ ሦስት ጥያቄዎች

ክርክሩን ረጋ ብዬ ሳስበው የተረዳሁት፣ ሰዎቹ የሚከራከሩት ስለ አንድ ጥያቄ አለመሆኑን ነው። «ይባረር ወይስ ይቆይ?» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ጥያቄዎችን በሆዱ ይዟል። አንደኛ፣ ውጤቱ ከሚጠበቀው በታች ነው ወይ? ሁለተኛ፣ ከሆነስ ምክንያቱ አሰልጣኙ ነው ወይ? ሦስተኛ፣ እሱ ቢሄድ የተሻለ ሰው አለ ወይ፣ ለውጡስ ምን ያስከፍላል? አንዱ ስለ መጀመሪያው ሲጮህ ሌላው ስለ ሁለተኛው ይመልስለታል። ለዚህ ነው የማይግባቡት።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላሉ ነው፤ ቁጥር ይመልሰዋል። ዩናይትድ የ2024-25 ውድድርን በ42 ነጥብ 15ኛ ሆኖ ጨረሰ። ከ38 ጨዋታ 18ቱን ተሸነፈ። ክለቡ በ1974 ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን ከወረደ ወዲህ እንዲህ ዝቅ ብሎ ጨርሶ አያውቅም። እዚህ ላይ የሚከራከር ሰው አልገጠመኝም፤ እኔም ብሆን አልከራከርም።

የአብዬን እከክ

ሁለተኛው ጥያቄ ግን ይከብዳል። አሞሪም ኖቬምበር 2024 ሲመጣ ቡድኑን የተረከበው ከኤሪክ ቴን ሃግ ነው። ቴን ሃግ በኦክቶበር መጨረሻ ሲሰናበት ቡድኑ 14ኛ ነበር። ከቴን ሃግ በፊትም ሞዬስ፣ ቫን ሃል፣ ሞሪንሆና ሶልሻየር ነበሩ፤ ጊዜያዊዎቹን ሳንቆጥር ማለት ነው። ሁሉም በየተራ «ችግሩ እሱ ነው» ተብለው ሄደዋል። አምስት ሰው ሄዶ ችግሩ ከቀረ «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» ሆኖብን እንዳይሆን መጠርጠር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ማብራራት ያስፈልጋል። እኛ በአማርኛ ሁሉንም «አሰልጣኝ» እንላለን። በእንግሊዝ አገር በድሮው ልማድ «ማናጀር» የሚባለው ሰው ግን ሥራው ከልምምድ ሜዳ ያልፋል፤ ማን ይገዛ፣ ማን ይሸጥ፣ ታዳጊዎቹ እንዴት ይደጉ የሚለው ላይ ሁሉ እጁ አለበት። ሰር አሌክስ ፈርጉሰን እንዲህ ያሉ ማናጀር ነበሩ። በ2013 ጡረታ ሲወጡ በዚያው ክረምት ዋና ሥራ አስኪያጁ ዴቪድ ጊልም ለቀቁ። ስለዚህ ክለቡ ያጣው አንድ አሰልጣኝ ብቻ አልነበረም፤ የሚገዛውን፣ የሚሸጠውንና የሚያቅደውን ጭንቅላት በአንድ ጊዜ አጣ። ሌሎች ክለቦች ይህንን ሥራ ለስፖርት ዳይሬክተር ሰጥተው ነበር። ዩናይትድ ግን የእግር ኳስ ዳይሬክተር የሚባል ሰው የሾመው በማርች 2021 ነው፤ ስምንት ዓመት ገደማ ቆይቶ።

በእነዚያ ዓመታት የሆነውን አስቡት። አንዱ አሰልጣኝ ይመጣል፣ ለአጨዋወቱ የሚስማማውን ተጫዋች ያስገዛል፣ ይባረራል። ቀጣዩ ሌላ አጨዋወት ይዞ ይመጣል፤ የቀድሞው ያስገዛቸው ተጫዋቾች ግን ረጅም ውል ይዘው እዚያው ናቸው። ፖግባ በ2016 በ89 ሚሊዮን ፓውንድ፣ አንቶኒ በ2022 ከ80 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተገዙ፤ የገዟቸው አሰልጣኞች ሁለቱም የሉም። አሞሪም በሦስት ተከላካይ የሚጀምር አሰላለፍ ይዞ ሲመጣ የጠበቀው በአራት ተከላካይ ለመጫወት የተሰበሰበ ስብስብ ነው። የአንዱ ልብስ ሰፊ የቆረጠውን ጨርቅ ሌላው ሌላ ልክ ይዞ ሲሰፋው ማለት ነው።

ታዲያ አሰልጣኙ ነጻ ነው? አይደለም። ያለው ተጫዋች ለአሰላለፉ እንደማይስማማ እያየ አልለውጥም ያለው ራሱ ነው። ባለቤቶቹስ? የግሌዘር ቤተሰብ ክለቡን በ2005 ሲገዛ አብዛኛውን ገንዘብ በብድር አድርጎት ዕዳውን ክለቡ ተሸከመ። በ2024 መጀመሪያ ሰር ጂም ራትክሊፍ ከአክሲዮኑ ከሩብ በላይ የሆነውን ገዝተው የኳሱን ሥራ ተረከቡ። እንግዲህ ጥፋቱ ተከፋፍሏል። «ሙሉ በሙሉ የእሱ ነው» የሚልም «ምንም የለበትም» የሚልም ከመረጃው በላይ ነው የሚናገረው።

አዲስ ሰው ሲመጣ ለምን እናሸንፋለን?

የ«ይባረር» ወገን ትልቁ ማስረጃ «አዲስ አሰልጣኝ ሲመጣ ቡድኑ ይነቃል» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ ይነቃል። ሶልሻየር በዲሴምበር 2018 በጊዜያዊነት ሲመጣ የመጀመሪያዎቹን 8 ጨዋታዎች በተከታታይ አሸነፈ። በቋሚነት እስኪሾም ድረስ ከ19 ጨዋታ 14 አሸንፏል። ወንድሜ ያን ሰሞን በየሄደበት ይዘምር ነበር። በማርች 28 ቀን 2019 ቋሚ ውል ተሰጠው። ከዚያስ? ውድድሩ እስኪያልቅ ከቀሩት 10 ጨዋታዎች ያሸነፈው 2 ብቻ ነው።

ይህ ለምን ይሆናል? በተማሪ ምሳሌ ላስረዳ። ሁልጊዜ 70 የሚያመጣ ልጅ አንድ ቀን ታሞ 40 አመጣ እንበል። ወላጆቹ ደንግጠው አስጠኚ ቀጠሩለት፤ በሚቀጥለው ፈተና 68 አመጣ። ምስጋናው የአስጠኚው ነው? ሊሆን ይችላል። ግን ልጁ ያለ አስጠኚም ወደ ለመደው ውጤት መመለሱ አይቀርም ነበር። ክለቦችም አሰልጣኝ የሚያባርሩት ቡድኑ ሲያሸንፍ አይደለም፣ ከሁሉም በታች የወረደ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በአብዛኛው ወደ ላይ ነው፤ ማንም ይምጣ ማን። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ጨዋታዎች ስለ አዲሱ ሰው የሚነግሩን ጥቂት ነው።

ሁሉም የሚወደውን ምሳሌ ይመርጣል

የ«ጊዜ ይሰጠው» ወገን ደግሞ ሁልጊዜ የሚጠራው ፈርጉሰንን ነው። በ1986 መጥተው የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያነሱት በ1993 ነው፤ በ1989-90 ቡድኑ 13ኛ ሆኖ ነበር የጨረሰው። አርሰናሎች ደግሞ አርቴታን ያመጣሉ። በ2020ም በ2021ም 8ኛ ሆኖ ጨረሰ፣ ታገሱት፣ ከ2023 እስከ 2025 ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሁለተኛ ወጣ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አይደል የሚባለው?

ተረቱ ደስ ይላል፤ ግን የሚሄደው ጫጩት ያለበት እንቁላል ነው። ቴን ሃግም ታግሰውት ነበር። በ2023-24 8ኛ ሆኖ ቢጨርስም የኤፍኤ ካፕን ስላነሳ በጁላይ 2024 ውሉ ተራዘመ፤ ከዘጠኝ የሊግ ጨዋታ በኋላ ተባረረ። እሱንና ረዳቶቹን፣ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ የስፖርት ዳይሬክተሩን ማሰናበት ክለቡን 14.5 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አስወጣው። ሦስተኛው ጥያቄ የሚያነሳው ዋጋ ይህ ነው፤ አዲሱን አሰልጣኝ ከስፖርቲንግ ለማስለቀቅ የተከፈለው ደግሞ ሌላ ነው። በተቃራኒው ሊቨርፑል በኦክቶበር 2015 ሮጀርስን አሰናብቶ በቀናት ውስጥ ክሎፕን አመጣ፤ በ2019 ቻምፒየንስ ሊግን፣ በ2020 ፕሪሚየር ሊግን አነሳ።

እንግዲህ ትዕግሥትም ይሠራል፣ ለውጥም ይሠራል፤ ሁለቱም ደግሞ ይከሽፋሉ። ፈርጉሰንን የምናስታውሰው ስለተሳካላቸው ነው፤ ጊዜ ተሰጥቷቸው ያልተሳካላቸውን ማን ይጠራቸዋል? እኔ እንደማየው ልዩነቱ ያለው ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ምን ሊሠራ እንደሚመጣ ክለቡ አስቀድሞ ማወቁና አለማወቁ ላይ ነው።

የቢልባኦው ምሽት ራሱ ጥሩ ማስረጃ ነው። ያሸነፈን ቶተንሃም በሊጉ 17ኛ ነበር። ዋንጫውን ያነሳው አሰልጣኝ ፖስቴኮግሉ በጁን 6 ተባረረ፤ የተሸነፈው አሞሪም ግን ክረምቱን ተሻገረ። እሱም በጃንዋሪ 2026 ተራው ደርሶት ተሰናበተ። ጋሼ እንዳሉት ስሙ ብቻ ነው የሚቀየረው።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻም አይደለም። አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ብሔራዊ ቡድናችንን ከ31 ዓመት በኋላ ለ2013 የአፍሪካ ዋንጫ አብቅተው በ2014 ተሰናብተዋል። ያኔም የተከራከርነው በአብዛኛው ስለ ሰውየው ነበር እንጂ ስለ ታዳጊዎች ሥልጠና፣ ስለ ሜዳና ስለ ዕቅድ አልነበረም።

እንደገና ስጠይቅ

በዚያው ሳምንት እሁድ፣ ሜይ 25፣ የሊጉ የመጨረሻ ጨዋታ ቀን ደብተሬን ይዤ ወደ ዲኤስቲቪ ቤቱ ተመለስኩ። ዩናይትድ አስቶን ቪላን 2 ለ 0 አሸነፈ። ረቡዕ ዕለት «ይባረር» ሲሉ ከነበሩት አንዳንዶቹ «ልጁ እኮ ነገር አለው» ማለት ጀምረው ነበር! እኔ ግን በዚህ ጊዜ ሦስቱን ጥያቄዎች ለያይቼ ነበር የምጠይቀው።

አግዳሚው ላይ ቆሞ ከሁሉም በላይ ሲጮህ የነበረውን ልጅ ፈልጌ አገኘሁት።

«ውጤቱ መጥፎ ነው?» አልኩት።

«ምን ጥያቄ አለው!»

«ጥፋቱ የእሱ ብቻ ነው?»

ትንሽ አሰበ። «ብቻ እንኳ አልልም።»

«ማን ይምጣ ታዲያ?»

ዝም አለ። ቆይቶ «ማንም ይምጣ» አለኝ። «ሰለቸኝ እኮ። አሥራ ሁለት ዓመት! ሊጉን ሲወስዱ ልጅ ነበርኩ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔ አቋም ብዬ የዘገብኩት ነገር ለካ ሐዘን ኖሯል። ደጋፊ ባለቤቱን ማባረር አይችልም፣ ተጫዋቹንም መሸጥ አይችልም፤ ስም ጠርቶ ሊያስወጣው የሚችል የሚመስለው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም አሰልጣኙ ነው። ለዚህ ነው ጩኸቱ ሁሉ እዚያ የሚያርፈው።

የቤት ሥራውን እንደገና ጽፌ አስረከብኩ። አዲሱ ርዕስ እንደ ፊተኛው አያጓጓም፤ «ደጋፊዎች በውጤቱ አዝነዋል፤ በመፍትሔው ግን አልተስማሙም» ይላል። መምህራችን በዚህኛው ላይ ያሰፈሩት ምልክት አንዲት ራይት ብቻ ናት። ሁለቱ የዶርም ጓደኞቼም ታርቀዋል፤ ምክንያቱ ግን የእኔ ትንታኔ አልነበረም። አንደኛው የሌላውን ቻርጀር መዋስ ስለነበረበት ነው።