ቢምቢ ደማችንን የምትረታበት ምራቅ

ቢምቢ ቆዳችንን ስትወጋ ደም ከመምጠጧ በፊት ምራቋን ትረጫለች። ይህን ካላደረገች ምግቧን በቀላሉ አታገኝም። ሰውነታችን ቆዳው በተወጋ ቅጽበት ደሙ እንዳይፈስ መከላከል ይጀምራልና። የተነካው የደም ሥር ይጠብባል፤ ፕላትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች ተሰብስበው ቀዳዳውን ይደፍናሉ፤ ከዚያም ደሙ ይረጋል።

የምትነድፈን ሴቷ ብቻ ናት፤ እንቁላል ለመጣል ከደም የሚገኘው ፕሮቲን ያስፈልጋታል። ወንዱ ግን በአበባ ወለላና በሌሎች የእፅዋት ጣፋጭ ፈሳሾች ይኖራል። በዚህ የተነሳ በምራቅ እጢዎቻቸው ውስጥ የሚሠሩት ጂኖችም ይለያያሉ። ስኳር የሚፈጩትን ፕሮቲኖች የሚያሠሩት ጂኖች በሁለቱም ዘንድ ሲሠሩ፣ ደምን የሚያሸንፉት ግን በዋናነት በሴቷ እጢ ይሠራሉ።

እያንዳንዱ ጂን የአንድ ፕሮቲን መሥሪያ መመሪያ ነው፤ ፕሮቲኖቹም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። አፒሬዝ የተባለው ፕላትሌቶችን ለመሰብሰብ የሚጠራውን ኬሚካል ያፈርሳል። ዲ7 የሚባሉት ፕሮቲኖች ደግሞ የደም ሥርን የሚያጠብበውን ሴሮቶኒን፣ እብጠትና ማሳከክ የሚያመጣውንም ሂስታሚን ይዘው ከሥራ ውጪ ያደርጋሉ። በወባ አስተላላፊዋ አኖፌለስ ምራቅ ውስጥ ያለው አኖፌሊን ደም የሚያረጋውን ትሮምቢን ይገታል። የዴንጊ በሽታ አስተላላፊዋ ኤደስ ኤጂፕታይ ሲያሎኪኒን በተባለ ፕሮቲን የደም ሥሩን ታሰፋለች።

የምራቋ ጠቀሜታ በሙከራ ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ1984 በታተመ ጥናት ምራቅ የሚያስተላልፈው ቧንቧቸው የተቆረጠባቸው የኤደስ ቢምቢዎች የደም ሥር ለማግኘት ከሌሎቹ ይበልጥ ዘግይተዋል። በኋላም ተመራማሪዎች አንድን ጂን ብቻ ለይተው ጸጥ ማሰኘት ቻሉ። በአኖፌለስ ጋምቢዬ ውስጥ ጂኤስጂ6 የተባለው ጂን ሲዳከም፣ ቢምቢዋ ቆዳ ስትወጋጋ ቆየች፤ ደም የመምጠጥ ችሎታዋም ቀነሰ። በኤደስ ዘንድ የሲያሎኪኒን ጂን ሲጠፋም ተመሳሳይ ችግር ታይቷል።

ረጅም ፍለጋ ለቢምቢዋ አደገኛ ነው፤ ሰው ነቅቶ ሊገድላት ይችላል። ለወባ ተህዋሲ ግን ይጠቅመዋል። ተህዋሲው ወደ ሰው የሚሻገረው ከምራቅ እጢዋ ነው። በዶሮ ወባ በተያዙ ኤደስ ቢምቢዎች ላይ በተደረገ ጥናት በምራቃቸው ውስጥ ያለው አፒሬዝ ቀንሶ፣ የፍለጋ ጊዜያቸውም ረዝሞ ተገኝቷል። ያልጠገበችው ቢምቢ ደግሞ ሌላ ሰው ለመንደፍ ትሞክራለች።

ዕውቀቱ በሽታን ለመከላከልም ይረዳል። ብዙ የተነደፈ ሰው ደም ውስጥ የምራቅ ፕሮቲኖችን የሚቃወሙ አንቲቦዲዎች ስለሚፈጠሩ፣ ጥናት አድራጊዎች አንድ ማኅበረሰብ ምን ያህል ለንድፊያ እንደተጋለጠ በደም ምርመራ መገመት ይችላሉ። የምራቅ ፕሮቲኖችን ዒላማ ያደረጉ ክትባቶችም በምርምር ላይ ናቸው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ቅርብ ነው። በአገራችን ዋነኛዋ ወባ አስተላላፊ አኖፌለስ አረቢየንሲስ ናት። በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያዎች የምትራባው አኖፌለስ ስቴፈንሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ተገኝታለች። ስለዚህ ወባማ አካባቢ የምትኖሩ ሁሉ አጎበር ሳትዘረጉ አትተኙ፤ የውሃ በርሜላችሁንና ጋናችሁንም ክደኑ። ምራቋ ቆዳችን ውስጥ ካልገባ፣ ተህዋሲውም አይገባም።